ለአሜሪካው ሰውዬ የተባለው አሚን

ናዝሬት፣ ሐምሌ 1978 ዓ.ም.

ይድረስ አርሲ ነገሌ ለምትገኚው ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

በመጀመሪያ ቁጭ በይ። ቆመሽ የምታነቢ ከሆነ ባለቤትሽ እህል መስፈሩን ለአፍታ ይተውና ወንበር ያምጣልሽ። ይህ እንደ ሌሎቹ ደብዳቤዎቼ አይደለም። በሬዲዮ ማርሽ ከተመታ በኋላ በወፍራም ድምፅ የሚነበበው ዓይነት መግለጫ ነው፤ ማርሹን በሆድሽ ምቺው። እነሆ፦ በናዝሬት ከተማ፣ በአባታችን ሳሎን፣ በዕለተ ጁምዓ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ለዓለም ኢምፔሪያሊዝም ቁንጮ ጤናና ረጅም ዕድሜ ተለምኖ ቤቱ በሙሉ በአንድ ድምፅ አሚን ብሏል። ዱዓውን ያደረገው ታናሽ ወንድምሽ ነው። በዚህም ምክንያት አባባን ቀበሌ ወሰዱት።

አሁን ሰላምታ። አካም ጅርታ? ደህና ነሽ ወይ? ባለቤትሽ፣ አማቶችሽ፣ ላሞቹ ሁሉ ደህና ናቸው? ትንሹስ ጥርስ አበቀለ ወይስ እንደ ሐጂ ገመዳ በድዱ ሊኖር ወስኗል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ውሸት ሆነብኝ። ፊደሌ የተንጋደደው ስምንተኛን ሁለት ጊዜ ስለወደቅሁ ብቻ አይደለም። ፈርቻለሁ እትዬ። ሰውን ሳስደነግጥ የኖርኩ ሰው፣ አሁን ተራው የእኔ ሆነ። ደብዳቤውን ለፖስታ ቤት አላመንኩትም፤ ጨው የሚያመላልሰው ሹፌር በእጅሽ ይሰጥሻል። ስታነቢ ባለቤትሽ ብቻ ይስማ፣ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጨምሪው። ይኼኛው ቀልድ አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ጁምዓ ጁምዓ እኛ ቤት በርጫ እንዳለ ታውቂያለሽ። አባባ ከጆንያ መጋዘኑ ይመለሳል፣ ፍራሹ ይነጠፋል፣ አጎታችን ባጫ ጫቱን ይዞ ይመጣል፣ ሐጂ ገመዳ ደግሞ ትራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ የሰው ትራስ አንገቴን ያመኛል ነው የሚሉት። የእኔ ሥራ ሻይ ማቅረብና ሬዲዮን መፈለግ ነው። የትኛውን ጣቢያ እንደሆነ አልጽፍልሽም፤ ከውጭ ሆኖ አማርኛ የሚናገረውን። ድምፁ ደጅ እንዳይወጣ ጆንያ እናለብሰዋለን፤ ዜና አንባቢው በርበሬ ውስጥ ተቀብሮ የሚያወራ ይመስላል።

በዚህ ሰሞን ወሬው ሁሉ የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ነው። እናንተንም ቀበሌው እየሰበሰበ ያወያያችሁ ይሆናል። ረቂቁ ውስጥ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ነው የሚል አለ ተብሎ አጎታችን ባጫ እንቅልፍ አጥቷል። ሁለተኛ ሚስቱ ዙለይካ በመጣች ቁጥር "ወረቀቱ የሚፈታው እኔን ነው ወይስ እሷን?" እያለች ትጨቀጭቀዋለች። እኔ ደግሞ "ቀበሌ ላይ ዕጣ ይወጣል አሉ" አልኳት። እውነት መስሏት ስታለቅስ ዋለች፤ እማዬ በወናፍ እጀታ አባረረችኝ።

ያን ጁምዓ ሬዲዮው ስለ አሜሪካው ፕሬዝዳንት አወራ። ሰውዬው ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሎት እንዲያደርጉ ይፈቀድ ይላል አሉ። ፈጣሪን የካደ መንግሥት ክፉ ነው ይላል። አፍጋኒስታን ውስጥ ሩሲያን ለሚዋጉት ሙጃሂዶች መሣሪያ ይሰጣል። አጎታችን ባጫ ይህን ሲሰማ ጫቱን አስቀመጠና፣ "ስሙ እንጂ! እዚህ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ፈጣሪ የለም ብለው አስተማሩን ትለኛለች። እዚያ ትልቁ ሰውዬ ራሱ ጸልዩ ይላል። ታዲያ ለኔ የሚቀርበኝ የቱ ነው?" አለ።

እኔም እሳቱ እንዳይጠፋ ብዬ "ፈረስ ጋላቢም ነበር፤ በሲኒማ ሲጋልብ ያዩት አሉ" አልኩ። አርሲ ፊት ፈረስ ከተጠራ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። የባጫ ዓይን በራ። "አላልኳችሁም? ፈረስ ላይ ያደገ ሰው ነዋ!"

አባባ ሳቀበት። "ሚያዝያ ላይ ትሪፖሊን በአውሮፕላን ያስደበደበው ማነው ባጫ? ፈረሰኛህ አይደለም? ለአፍጋን ሙስሊም ጠመንጃ ሰጠ፣ ለሊቢያ ሙስሊም ቦምብ ላከ። እኛን ወዶ እንዳይመስልህ። ሩሲያን ስለሚጠላ ነው።"

"እኛስ የምንጠላው ማንን ነው?" አለ ባጫ፤ አለና ራሱ ደንግጦ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሁላችንም ዞርን። መስኮቱ ላይ ዶሮ ቆማለች። ዶሮዋንም ቢሆን ለጥቂት ጊዜ በጥርጣሬ ነው ያየናት።

ሐጂ ገመዳ ሲያስቡ ቆይተው "ሚስቱ ስንት ናት?" ብለው ጠየቁ። አንዲት ናት፣ ከሷ በፊት ግን ሌላ አግብቶ ፈቷል አልኳቸው። "እንግዲያው ሁለት አግብቷል፤ አንድ ላይ አላደረጋቸውም እንጂ" አሉ። እንግሊዝ አገርም እንደሱ ኮሚኒስት የማይወድ መሪ አለ፣ ሴት ናት ስላቸው ግን ትራሳቸውን አስተካከሉና "ወንዶቹ የት ሄደው?" አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ እንግሊዝ መስማት አልፈለጉም።

አባባ ባጫን አልለቀቀውም። "እዚያ አገር ብትሄድ እኮ ከነሚስቶችህ ወደብ ላይ ነው የሚያስሩህ። ሰውዬው ቤተሰብ፣ ቤተሰብ የሚለው አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጅና አንድ ውሻ ነው። የረቂቁም አንዲት ሚስት፣ የሱም አንዲት ሚስት። ምኑን ከምኑ መረጥከው?" አለው። ባጫ "እዚያ የሚከለክሉኝ ሚስቴን ብቻ ነው፤ እዚህ ፈጣሪዬንም ጨምረው ነው" አለ። አባባ በዚህ አልሳቀም። "እኔ የማንም ትልቅ ሰው ወዳጅ መሆን አልፈልግም፤ ቁርአን ቤቱ ክፍት ይሁንልኝ፣ ልጆቼን እኔው ልምከራቸው። ይኼን ብቻ ለሚፈልግ ሰው የሚሆን ጎራ የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም" አለ።

በርጫ የሚያልቀው በዱዓ ነው። መግሪብ ሲቃረብ መዳፍ ይዘረጋል፤ አንዱ ይለምናል፣ ሌላው አሚን ይላል። የሰውን ዱዓ አሚን ሳይሉ ማሳለፍ ነውር ነው፤ ሐጂ ገመዳማ አሚን ያልተባለለት ዱዓ ተመልሶ ቤቱ ላይ ይወድቃል ይላሉ። ያን ሰዓት ደግሞ ምርቃናው ገብቶ ሁሉም በየሐሳቡ ጠፍቷል። አባባ ስለ ጆንያ ያስባል፣ ባጫ ሁለቱን ቤቶቹን ይዞራል። ቃሉን የሚያዳምጥ የለም፤ የለማኙ ድምፅ ዝቅ ሲል አሚን ይባላል፣ በቃ። ይህን ካወቅሁ ቆይቻለሁ። አንድ ጊዜ የጎረቤት አውራ ዶሮ ድምፁ እንዲዘጋ ለምኜ በታላቅ ስሜት አሚን ብለውልኛል።

ሐጂ "ዛሬ ታናሹ ዱዓ ያድርግ" አሉ። እኔም መዳፌን ዘርግቼ ጀመርኩ። ያ ረብ፣ በሽተኞቻችንን ማርልን። አሚን። መንገደኞቻችንን በሰላም መልስልን። አሚን። ያ ረብ፣ ለአሜሪካው ፕሬዝዳንት ጤናና ረጅም ዕድሜ ስጥልን፣ ቀልቡን ወደ እስልምና መልስለት፣ በሚስቱም ላይ አንዲት የአርሲ ልጅ ጨምርለት። አሚን! ከሁሉም የአባባ ጎላ። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ጉንጬን ነክሼ ይዣለሁ። እንዲህ እንዳለን ከበሩ በኩል አንድ የዘገየ "አሜን" መጣ።

አሚን አላለም፤ አሜን ነው ያለው። ሁላችንም ዞርን።

ጓድ አብተው ነበር፤ አንቺ ጋሽ አብተው የምትይው የግድግዳ ጎረቤታችን፣ የዛሬው የቀበሌያችን ሊቀመንበር። ለእሁዱ ውይይት ሊጠራን መጥቶ፣ መዳፋችንን ዘርግተን ሲያየን እንደ ድሮው ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆሟል። ልጁ በኩፍኝ የተያዘ ጊዜ እዚሁ ሳሎን ተቀምጦ ስንቱን ዱዓ አሜን ብሏል። አፉ ለምዶ ነው። ችግሩ ከኋላው ጫላ ነበረ፤ አብዮት ጥበቃው፣ ክላሹን ያነገተው። ጫላ አልመረቀነም። እያንዳንዷን ቃል ሰምቷል።

ጋሽ አብተው ቀስ ብሎ "ለማን ነው አሜን ያልነው?" አለ። ማንም አያውቅም እኮ! ሐጂ ገመዳ በቅን ልቦና "ለበሽተኞች ነው ልጄ" አሉት። ያኔ ጫላ ዱዓዬን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያዛንፍ ደገመው፤ የአርሲዋን ልጅ እንኳ አልረሳም። እትዬ፣ የሰው ፊት አመድ ሲሆን አይቼ አላውቅም ነበር። የአባባ ሆነ፣ የባጫ ሆነ፤ ከሁሉም ይበልጥ ግን የጋሽ አብተው። ኮፍያውን መልሶ አደረገ። ግድግዳ ተጋርቶን የኖረ ሰው፣ በማላውቀው ድምፅ "የዚህ ቤት ባለቤት ማነው?" ብሎ ጠየቀ።

አባባ "አብተው፣ ጠፋሁብህ?" አለው።

እኔ ነኝ፣ ቀልድ ነው፣ እኔን ውሰዱኝ ብዬ ተነሣሁ። ጫላ "እንዲህ ያለ ነገር ልጅ ከራሱ አያመነጭም፤ የቤቱ አቋም ነው" አለ። አባባ ጫማውን ሲያደርግ ማሰሪያውን አልቻለውም። ተንበርክኬ እኔ አሰርኩለት። አናቴን ነካ አደረገኝ እንጂ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የቀበሌውን በር አንቺም ታውቂዋለሽ። ወንድማችን በሰባ ዓ.ም. በዚያው በር ገብቶ ነው የቀረው። እማዬ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አታልፍም፤ ገበያ እንኳ ዞራ ነው የምትሄደው። በዚያን ዕለት ግን ነጠላዋን ሳትደርብ ሮጣ በሩ ሥር ተቀመጠች። አልጮኸችም። መሬቱን በመዳፏ ትደባብሳለች፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። አጠገቧ ተቀምጬ አንድ የሚያስቅ ነገር ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

አጎታችን ባጫ መልካሳ ያለችው የመጀመሪያ ሚስቱ ቤት ገብቶ ተደበቀ፤ እሷ ደግሞ "ዛሬ ነው የታወስኩህ?" ብላ ምግብ ከለከለችው አሉ። ሐጂ ገመዳ ግን አልተደበቁም። በማግስቱ ትራሳቸውን ይዘው ቀበሌው በር ላይ ቆሙና "እኔም አሚን ብያለሁ፣ እሰሩኝ። ለምን እንደተባለ አልሰማሁም፤ ብያለሁ ግን" አሏቸው። ዘበኞቹ ወደ ቤት መለሷቸው። ተመልሰው መጡ። ደግመው መለሷቸው። በመጨረሻ እማዬ አጠገብ ትራሳቸውን ዘርግተው ተቀመጡ።

አባባን ምን እንደጠየቁት ኋላ ነው የነገረኝ። ጫላ "ሙስሊሞቹ ከአሜሪካ ጋር ናችሁ ወይስ ከአብዮቱ?" አለው። አባባም "ሰውዬው ፈጣሪን ሲጠራ ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ቦምብ ሲጥል ስሰማ አለቅሳለሁ። እናንተም መሬት ለጭሰኛው ስትሰጡ ደስ ብሎኛል፣ ኢዳችንን የበዓል ቀን ስታደርጉት ደስ ብሎኛል፤ ልጄን ስትወስዱ ግን..." ብሎ አቆመ። ጫላ አንዱን ምረጥ አለው። አባባ "ይኼን ሁሉ በአንድ ቃል ለመናገር አልተማርኩም" አለ። ቃሉ ወደ አውራጃ ሊላክ ነው ተባለ። አውራጃ ከተላከ ምን እንደሚሆን እኔም አንቺም ከሰባ ዓ.ም. ጀምሮ እናውቃለን።

ስለዚህ ጋሽ አብተው ቢሮ ገባሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት ማስፈራራት ነበር። "እርስዎም አሜን ብለዋል" ልለው ነው፤ እንዲያውም መንገድ ላይ ተለማምጄዋለሁ። በሩን ሳልዘጋ እሱ ቀደመኝ። "ብያለሁ፣ አውቃለሁ። ጫላም ያውቃል። ስንቀመጥ ስንነሣ ያየኛል" አለኝ። ሲጋራውን ለመለኮስ ሦስት ክብሪት ፈጀ። አዘንኩለት፤ እንዴት እንዳዘንኩለት ልነግርሽ አልችልም። አብረን ፈርተን ተቀመጥን። ከግድግዳው ማዶ አባባ ሲያስል ይሰማል።

ከዚያ ጋሽ አብተው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ። "ነገሩ እንዲያንስ ካልተደረገ ይተልቃል። ለእናት አገሩ ልጁን የሰጠ ቤት ጸረ አብዮት ነው የሚል ግን የለም፤ ጫላም አፉን ይይዛል። የዚህ ዙር ብሔራዊ ውትድርና ላይ ከቀበሌያችን አንድ ሰው ጎድሎናል።" ይህን ሲል አላየኝም፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አመድ በጣቱ ይሰበስባል። "የግድ አይደለም" አለ። "እኔ ለማንም የግድ አላልኩም።"

ውስጥ እግሬ ጠፍጣፋ ነው፣ መሮጥ አልችልም አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ስለ ሌላ ሌላ ነገር አወራን።

አባባ በማግስቱ ጠዋት ተፈታ። ጋሽ አብተው ራሱ በሩን ከፍቶ "ጉዳዩ ተጣርቶ የልጅ ቀልድ ሆኖ ተገኝቷል" አለ፤ ጫላም ሰላምታ ሰጠው። አባባ የዳንኩት እውነቱን በመናገሬ ነው ብሎ ያምናል፤ ሐጂ ገመዳ በራሳቸው ዱዓ ነው ይላሉ፤ ባጫ ደግሞ ከመልካሳ ተመልሶ አሜሪካ ጣልቃ ገብታ ይሆናል እያለ ነው። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል፣ እኔም አልተቃወምኩም።

እዚህ የምለምንሽ ትንሽ ነገር አለ። የፊታችን ሰኞ ወይም ቢዘገይ ማክሰኞ ወደ ናዝሬት ነይ። ሰኞ ጠዋት እማዬ ብቻዋን ባትሆን ደስ ይለኛል። ትንሹንም ይዘሽ ነይ፤ አቅፋው ትዋል፣ እጇ ባዶ አይሁን። ጸጉሬን መላጨቴን አይታ ምን ሆነህ ነው አለችኝ፤ ቅማል ነው አልኳት፣ ልብሴን ሁሉ አፍልታ አጠበችው። አዲሱን ጫማዬን ለባጫ ልጅ መስጠቴንም ጠይቃኛለች፤ ጠበበኝ አልኳት። የሰፋሽልኝን ሸሚዝ አሁን እንዳትልኪው፤ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ። ሬዲዮው ላይ ጣቢያው ያለበትን ቦታ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ለአባባ አሳይው፣ ሁልጊዜ እያለፈው ነው የሚሄደው። የሚጭነን መኪና በአርሲ ነገሌ በኩል አያልፍም አሉ፤ ቢያልፍ ኖሮ ከላይ ሆኜ በጩኸት አስደነግጥሽ ነበር።

አላህ ቤትሽን ይጠብቅልሽ። ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ እንደ አጎቱ ቀልደኛ ሆኖ ሲያስቸግርሽ አትምቺው። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ባለፈው ሚዛኑ ላይ ማግኔት የለጠፍኩት እኔ እንዳልሆንኩ አስረጂልኝ፤ ብሆንም።

መጀመሪያ ላይ ያን ሁሉ ማርሽ ያስመታሁሽ ለማስደንገጥ ብዬ ነው፣ አትቀየሚኝ። ነገሩ ያን ያህል አልነበረም። ቀበሌውም ማህተም አድርጎ ቀላል ነው ብሎታል። የእኔንም ነገር አንቺ እንደዚያው ቀላል ነው ብለሽ ለእማዬ ንገሪያት፤ ከማክሰኞ በፊት ግን አይሁን።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ